ሳሙኤል ሆር፡ ኢትዮጵያን ለመቁረስ የተስማሙት የብሪታኒያ ሚኒስትር

ዲሴምበር 19 ቀን 1935 በብሪታኒያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ንግግር ለማድረግ የተነሡት ሰው አፍንጫቸው በፕላስተር ተሸፍኗል። ከአንድ ቀን በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። አሁን ግን ከሚኒስትሮቹ የፊት ወንበር ወደ ኋላ ተገፍተው፣ ሥልጣናቸውን ለምን እንደለቀቁ ለማስረዳት የቆሙ ተራ የምክር ቤት አባል ናቸው።

የዚህ ሰው ስም በኢትዮጵያ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር ከሌላ ስም ጋር ተጣምሮ ይገኛል፤ ሆርና ላቫል። ሰር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ጋር ፓሪስ ላይ የተስማሙበት ዕቅድ፣ ወረራ የተፈጸመባት አገር ሰፊ ግዛቷን ለወራሪዋ እንድትሰጥ የሚጠይቅ ነበር። ሆር እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ፣ ከዚያም በኋላ ምን እንደሆኑ ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም አይነገርም።

ሳሙኤል ጆን ገርኒ ሆር የተወለዱት በ1880 ለንደን ውስጥ ነው። ቤተሰባቸው የኩዌከር እምነት ሥር ያለው፣ በኖርፎክ አውራጃ የታወቀ የባንክ ባለሀብት ቤተሰብ ነበር። አባታቸውም የምክር ቤት አባል ነበሩ። ልጁ በሃሮው ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኒው ኮሌጅ ተምረው በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በ1909 የመኳንንት ልጅ የሆኑትን ሌዲ ሞድ ላይገንን አገቡ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። በ1910 የወግ አጥባቂው ፓርቲ ዕጩ ሆነው የለንደኗን ቼልሲ አሸነፉ፤ ያንን ወንበር ለ34 ዓመታት አልለቀቁትም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሆር ሩሲያኛ ተማሩ። ይህ ዕውቀታቸው ወደ ስለላው ዓለም አስገባቸውና በ1916 በፔትሮግራድ የብሪታኒያ የስለላ ቡድን ኃላፊ ሆኑ። ራስፑቲን ሲገደልም እዚያው ነበሩ።

ከሩሲያ ቀጥሎ የተላኩት ወደ ጣልያን ነው። ለኢትዮጵያውያን አንባቢ ትልቁ ምፀት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1917 የጣልያን ጦር ካፖሬቶ ላይ ክፉኛ በመሸነፉ አገሪቱ ከጦርነቱ እንዳትወጣ ለንደን ሠግታ ነበር። ሆር ጦርነቱ እንዲቀጥል የሚሰብክ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ አንድ የሚላኖ ሰው አገኙ፤ ለእርሱም በየሳምንቱ 100 ፓውንድ ይከፈለው ጀመር። ያ የጋዜጣ አዘጋጅ ቤኒቶ ሙሶሊኒ ነበር። የካምብሪጁ የታሪክ ተመራማሪ ፒተር ማርትላንድ የክፍያውን ዝርዝር በ2009 ይፋ ሲያደርጉ ጉዳዩ የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ከ18 ዓመታት በኋላ ሆር ከዚሁ ሰው ጋር ለመስማማት በኢትዮጵያ ምድር ሊከፍሉ ሞከሩ።

በ1920ዎቹ ሆር የአየር ኃይልና የአቪዬሽን ሚኒስትር ሆነው ስም አተረፉ። በ1926 ማብቂያ ላይ ከባለቤታቸው ጋር በሲቪል አውሮፕላን ከእንግሊዝ ተነሥተው ሕንድ ድረስ በረሩ። አውሮፕላን ለብዙ ሰው አስፈሪ መሣሪያ በነበረበት ዘመን ይህ የድፍረት ሥራ ተብሎ ተወደሰላቸው።

ወደ ታሪክ መድረክ መሃል ያወጣቸው ግን የ1931 የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። የፓውንድ ዋጋ እየወደቀ፣ የሥራ አጡ ቁጥር እየናረ ሲሄድ የሌበር ፓርቲው ጠቅላይ ሚኒስትር ራምዚ ማክዶናልድ ካቢኔ በወጪ ቅነሳ ጉዳይ ለሁለት ተከፈለ። በኦገስት ወር ሦስቱ ፓርቲዎች ሲደራደሩ ወግ አጥባቂዎቹን ወክለው ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆር ነበሩ፤ ሌላው ኔቪል ቻምበርሌን። ከድርድሩ ብሔራዊ መንግሥት የሚል ስም የተሰጠው ጥምር መንግሥት ተወለደ። ማክዶናልድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቢቀጥሉም የገዛ ፓርቲያቸው አባረራቸው። ጥምረቱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር በተደረገው ምርጫ ከ615 ወንበሮች 554ቱን ጠቀለለ። ስሙ የሁሉም ቢሆንም አብዛኛው ወንበር የወግ አጥባቂዎቹ ነበር፤ እውነተኛው ኃይልም በእነርሱ መሪ በስታንሊ ባልድዊን እጅ ነበር።

በዚህ መንግሥት ውስጥ ሆር የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በጠረጴዛ ዙሪያ ጉባኤው ከማህተመ ጋንዲ ጋር ተከባብረው ተነጋገሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ጋንዲ ሲታሰሩ ደግሞ ኃላፊው ሚኒስትር እርሳቸው ነበሩ። ለሕንድ የተወሰነ ራስን የማስተዳደር መብት የሚሰጠውን ሕግ ለማጽደቅ ለዓመታት ታገሉ። ዋናው ተቃዋሚያቸው ከራሳቸው ፓርቲ የተነሡት ዊንስተን ቸርችል ነበሩ። ቸርችል በ1934 ሆር ለምክር ቤቱ ኮሚቴ በሚቀርብ ምስክርነት ጣልቃ ገብተዋል ብለው ከሰሷቸው፤ አጣሪው ኮሚቴ ሆርን ነጻ ቢያደርጋቸውም ቂሙ አልጠፋም። ከ300 በላይ አንቀጾች ያሉት ሕግ በ1935 ጸደቀ። የእኛንም ቀጣና ነክቷል፤ እስከዚያ ድረስ ከሕንድ ትተዳደር የነበረችው የኤደን ወደብ በዚህ ሕግ መሠረት በ1937 ከሕንድ ተለይታ በቀጥታ በለንደን ሥር ሆናለች።

ሕጉ ሳይጠናቀቅ የካቢኔ ሹም ሽር መጣ። ጁን 7 ቀን 1935 ማክዶናልድ ለባልድዊን ቦታ ሲለቁ ሆር ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወሩ። በሕንዱ ሥራ እጅግ ደክመው ነበር፤ አልፎ አልፎም ራሳቸውን ይስቱ ነበር። የጠበቃቸው ጉዳይ ደግሞ ኢትዮጵያ ነበር።

ከወልወሉ ግጭት ወዲህ ሙሶሊኒ ወታደሩን በቀይ ባሕር በኩል ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ሲያጓጉዝ የብሪታኒያ መንግሥት በሁለት ነገሮች መካከል ተጨንቆ ነበር። የአገሩ ሕዝብ የመንግሥታት ማኅበርን ይደግፋል፤ በዚያው ወር ውጤቱ የተነገረውና ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው የተሳተፈበት የሕዝብ ድምፅ ይህንኑ አሳይቷል። በሌላ በኩል የጦር አዛዦቹ ጀርመንና ጃፓን እያሰጉ ሳለ ጣልያንን ሌላ ጠላት ማድረግ አይፈልጉም። በሰር ጆን ማፊ የተመራ ኮሚቴም ከጣና ሐይቅና ከዓባይ ውኃ በቀር ብሪታኒያ በኢትዮጵያ ውስጥ አንገብጋቢ ጥቅም የላትም ብሎ ጽፎ ነበር። ይህ ምስጢራዊ ሰነድ በጣልያኖች እጅ ገብቶ በቀጣዩ ዓመት ሮም ላይ በጋዜጣ ወጥቷል። ለካስ ሙሶሊኒ የለንደንን ልብ ቀድሞ አንብቦታል።

የመጀመሪያው ሙከራ ዘይላ ነበር። ወጣቱ ሚኒስትር አንተኒ ኤደን በጁን ወር ወደ ሮም ተልከው፣ ብሪታኒያ የዘይላን ወደብ ለኢትዮጵያ እንድትሰጥ፣ ኢትዮጵያም በልዋጩ ከኦጋዴን ለጣልያን እንድትለቅ ሐሳብ አቀረቡ። ሙሶሊኒ አልተቀበለውም።

ሴፕቴምበር 11 ቀን ሆር ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው፣ አገራቸው ወረራን በኅብረት ለመከላከል ከማኅበሩ ጎን ጸንታ እንደምትቆም ተናገሩ። አዳራሹ በአድናቆት ተሞላ። ትናንሽ አገሮች እፎይ አሉ፤ አዲስ አበባም ተስፋ አደረገች። በዚያው ሰሞን ሁድና ሪናውን የተባሉት ታላላቅ የጦር መርከቦች ጂብራልታር መድረሳቸው ንግግሩን ይበልጥ እውነት አስመሰለው። አዳራሹ ያላወቀው፣ ሆር ከንግግሩ በፊት ከላቫል ጋር ተገናኝተው ወደ ጦርነት የሚያደርስ እርምጃ እንዳይወሰድ፣ የስዊዝ ቦይም እንዳይዘጋ መስማማታቸውን ነው።

ኦክቶበር 3 የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ጣልያንን ወራሪ ብሎ ከኖቬምበር 18 ጀምሮ ማዕቀብ ጣለ፤ ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን በማዕቀቡ ውስጥ አልነበረም። በኖቬምበር 14 ምርጫ የባልድዊን ጥምር መንግሥት ለመንግሥታት ማኅበር ታማኝ ነኝ ብሎ ቀስቅሶ በሰፊ ድምፅ አሸነፈ። ከዚያ ድል እስከ ፓሪሱ ስምምነት ያለው ጊዜ አንድ ወር አይሞላም።

ሆር ለእረፍት ወደ ስዊዘርላንድ እየሄዱ ነበር። የበረዶ ላይ መንሸራተት ይወዱ ነበርና ሐኪምም ዕረፍት አዝዞላቸዋል። መንገዳቸው በፓሪስ በኩል ስለሆነ ዲሴምበር 7 ከላቫል ጋር ለመነጋገር ጎራ አሉ። ከጎናቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ቋሚ ኃላፊ ሰር ሮበርት ቫንሲታርት ነበሩ። ንግግሩ በማግሥቱ እሑድ ሲያበቃ ካርታው ተሠምሯል። ጣልያን ምሥራቃዊ ትግራይን አክሱምን ሳይጨምር፣ እንዲሁም ከደንከልና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ታገኛለች። በደቡብ ደግሞ በስም የኢትዮጵያ የሆነ፣ በተግባር ግን የጣልያን ሰፋሪና ኩባንያ የሚገባበት ግዙፍ ቀጣና ይከለልላታል። በአንድ ላይ ሲታይ ከአገሪቱ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ለኢትዮጵያ የሚሰጣት የአሰብ ወደብና ወደዚያ የሚያደርስ ቀጭን መተላለፊያ ነበር። የአሰብ ጉዳይ ዛሬም የቀጣናችን ትኩስ መነጋገሪያ ነውና ይህን መስመር ያነበበ ሁሉ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የቀረበው ወደብ ግን ዋጋው የአገሪቱ ሰፊ አካል ነበር።

በዚያች ሰሞን ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ደሴ ላይ ነበሩ። ላቫልና ሆር ለንግግር ከመቀመጣቸው አንድ ቀን በፊት፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደብድበዋል። የዕቅዱ ይዘት ሲደርሳቸው አልተቀበሉትም።

ሆር ወረቀቱን ለካቢኔው ልከው ጉዟቸውን ቀጠሉ። ዲሴምበር 9 የፓሪስ ጋዜጦች ዕቅዱን አወጡት። ካቢኔው በዚያው ዕለት ተሰብስቦ የሚኒስትሩን ሥራ ደገፈ፤ ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። በማግሥቱ ግን ቁጣው ፈነዳ። ለጥቂት ሳምንታት በፊት ለማኅበሩ ታማኝ ነን ያሏቸውን ዕጩዎች የመረጡ ሰዎች የምክር ቤት አባላቱን በደብዳቤ አጥለቀለቋቸው። ቤተ ክህነቱ፣ ታይምስ ጋዜጣ፣ የገዛ ፓርቲያቸው ወጣት አባላት ሁሉ ተነሡ።

ሆር በዚያ ሰዓት ስዊዘርላንድ ዙኦዝ ውስጥ በበረዶው ላይ ራሳቸውን ስተው ወድቀው አፍንጫቸው ተሰብሮ ነበር። ወደ ለንደን ሲመለሱ ባልደረቦቻቸው ዕቅዱ ስሕተት መሆኑን እንዲያምኑ ጠየቋቸው፤ ባልድዊንም ከሥር ከሥር መሸሽ ጀመሩ። ሎርድ ሃሊፋክስን የመሰሉ ሚኒስትሮች የመንግሥቱ ክብር እንዲተርፍ ሆር መሄድ አለባቸው አሉ። ሆር ስሕተት ሠራሁ ለማለት እምቢ አሉና ዲሴምበር 18 ሥልጣን ለቀቁ። ዕቅዱን በአንድ ድምፅ የደገፈው ካቢኔ በቦታው ቀረ። ኤደን ተተኩ፤ ሙሶሊኒም መልሱን ሳይሰጥ ዕቅዱ ሞተ።

በንግግራቸው የተከላከሉበት ሐሳብ ቀላል ነበር። ከብሪታኒያ በቀር አንድም አገር ለኢትዮጵያ መርከብ ወይም ወታደር አላንቀሳቀሰም፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ ሁሉንም ከምታጣ ከፊሉን ብታተርፍ ይሻላል የሚል ነው። ከአምስት ወራት በኋላ አዲስ አበባ ስትያዝ ትክክል ነበርኩ ያሉ መስሎ ተሰማቸው። እኔ ግን ክርክሩ አንድ ነገር የዘለለ ይመስለኛል። ነዳጅ የማቋረጡ ጥያቄ በዚያው ሳምንት ጄኔቫ ላይ ሊነሣ ሲጠበቅ ነበር፤ የፓሪሱ ወረቀት ያንን እርምጃ ቀብሮታል። በዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ የመርዝ ጋዙ መውረድ ጀመረ።

ለሥልጣን የነበራቸው ፍቅር አልበረደም፤ ጥምር መንግሥቱም ብዙ አላስጠበቃቸውም። ስደተኛው ንጉሠ ነገሥት ጁን 3 ቀን 1936 ለንደን ገቡ። ከሁለት ቀን በኋላ ሆር የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነው ወደ ካቢኔው ተመለሱ። በጁላይም ማዕቀቡ ተነሣ።

ከ1937 ጀምሮ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ሌላ ሰው የሆኑ ያህል ነው። የእስር ቤት ለውጥ አራማጇ የኤሊዛቤት ፍራይ ዘመድ ነበሩና የግርፋት ቅጣትን የሚያስቀር ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ጦርነቱ ቢያቋርጠውም ሐሳቡ በ1948 ሕግ ሆነ። በኖቬምበር 1938 ከናዚ የሸሹ ሕፃናት ያለ ወላጅ እንዲገቡ ፈቀዱ፤ በዚያ በር ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ አይሁዳውያን የሆኑ ሕፃናት ተርፈዋል። በዚያው ዓመት ግን ቼኮስሎቫኪያን ለሂትለር በቆረሰው የሙኒክ ስምምነት ከቻምበርሌን የቅርብ አማካሪዎች አንዱ ነበሩ። በማርች 1939 ለአውሮፓ ወርቃማ ዘመን ሊመጣ ይችላል ብለው ለመራጮቻቸው ተናገሩ። ከአምስት ቀን በኋላ የሂትለር ጦር ፕራግ ገባ።

በሜይ 1940 ቸርችል ሥልጣን ሲይዙ ሆርን ከካቢኔ አስወጥተው አምባሳደር አድርገው ወደ ማድሪድ ላኳቸው። በዚያም ስፔን ከሂትለር ጎን እንዳትሰለፍ አራት ዓመት ደክመዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1941 አዲስ አበባ ሲገቡ ሆር እዚያው ማድሪድ ነበሩ።

በ1944 ቫይካውንት ቴምፕልውድ ተብለው ወደ ላይኛው ምክር ቤት ገቡ፤ የሞት ቅጣት እንዲቀርም ጽፈው ተከራከሩ። በ1954 በጻፉት የትዝታ መጽሐፍ ስለ ፓሪሱ ዕቅድ አልተጸጸቱም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በይፋዊ ጉብኝት ለንደን ሲገቡ ንግሥት ኤልሳቤጥ ተቀብለዋቸዋል።

ሆር በሜይ 1959 በ79 ዓመታቸው ለንደን ውስጥ አረፉ። ወራሽ ስላልነበራቸው የቴምፕልውድ ማዕረግም ከእርሳቸው ጋር ተቀበረ።