ሃሮልድ ብላክና የማጉያው ምስጢር

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ፣ በተማሪዎች ሰልፍ ላይ ማጉያው ሲያፏጭብን ጆሯችንን እንይዛለን። ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ይህንኑ መመለስ ገልብጦ ለበጎ ሥራ ያዋለው ሃሮልድ ብላክ ነው።

ብላክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ። በ1921 ኢንጂነር ሆኖ በቴሌፎን ሥራ ተሰማራ። ያኔ በረጅም መስመር ላይ የሚደረደሩት ማጉያዎች ድምፁን ሲያጎሉት ያዛቡት ነበር፤ ማጉያው በበዛ ቁጥር መዛባቱም ይደራረባል። ብላክ ስድስት ዓመት ያህል ታገለ። ኦገስት 2 ቀን 1927 በጀልባ ወደ ሥራው ሲሻገር መላው ድንገት መጣለት፤ በያዘው ጋዜጣ ላይም ነደፈው። ከማጉያው መውጫ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ! ጉልበቱ ይቀንሳል፤ መዛባቱ ግን ይታረማል። ብዙዎች አላመኑትም፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ በ1937 ነው። በ1983 በ85 ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ አንድ የሬዲዮ አማተር የ10 ሜጋኸርዝ ማመሳከሪያ ሲግናል ለብዙ መሣሪያዎች ሲያድል፣ አንዱ ሌላውን እንዳያውክ ለየመውጫው ማጉያ ይሠራል። በብዙዎቹ ውስጥ የብላክ ዘዴ አለ።

ይሄ ዘዴ ለእኛ ለዕጩ መምህራን እንግዳ አይደለም፤ ግብረ መልስ የምንለው ነው። ነገ ክፍል ስንገባ የተማሪው መልስ ወደ እኛ ተመልሶ ካላረመን፣ የምናሰማው ጩኸት እንጂ ትምህርት አይሆንም።