ደራሲ በዓሉ ግርማ

ተማሪዎች ሆይ፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የምትገኙ ሁሉ የዚህ ደራሲ የትውልድ ስፍራ ከእናንተ እምብዛም የራቀ አለመሆኑን ልብ በሉ።

በዓሉ ግርማ ከህንዳዊ ነጋዴ አባቱና ከኢትዮጵያዊት እናቱ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቡና አብቃዩ ኢሉባቡር፣ ሱጴ በተባለች ስፍራ ተወለደ። በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በአሜሪካ አገር ጋዜጠኝነትን አጠና። መነን መጽሔትንና አዲስ ዘመን ጋዜጣን በአዘጋጅነት መራ።

የመጀመሪያ ልብ ወለዱን፣ «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ በ1962 ዓ.ም. አሳተመ። «ሐዲስ» በተባለው መጽሐፉ ደግሞ በሐሳቡ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ የአንድ ወጣት መምህርን ሕይወት ተረከ።

በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ ተልኮ ነበር። በዚያ የታዘበውን መሠረት አድርጎ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ። መጽሐፉ የባለ ሥልጣኖችን ገመና ስለ ገለጠ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን በስውር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም እንደገና ታተመ።

እንግዲህ እናንተም ድርሰት ስትጽፉ፣ ከሰማችሁት ይልቅ ያያችሁትን አስቀድሙ፤ በዓሉ ሕይወቱን የከፈለው ያየውን በመጻፉ ነውና።