ሙሴ ኢልግና ሳያዩት የቀሩት የባቡር መድረሻ

ለገሃር የሚለውን ስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ አይገኝም። ስያሜው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ የመጣ መሆኑንም ብዙዎች ይረዳሉ። ሐዲዱን አስቀድሞ ያሰበው፣ ዐፄ ምኒልክን ያሳመነውና ውሉን የተቀበለው መሐንዲስ ማን እንደ ነበረ ግን ከእኛው ከሙያው ሰዎች መካከል እንኳ አስታውሶ የሚናገር ጥቂት ነው። ዛሬ ያ ሐዲድ በብዙ ስፍራ ተነቅሎ፣ ጣቢያዎቹም አብዛኞቹ ጸጥ ብለው በሚገኙበት ጊዜ የዚህን ሰው ሕይወት መለስ ብሎ መመልከት ለማኅበራችን አባሎች ተገቢ መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊትዘርላንድ፣ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሕንድስና ተምረው ተመረቁ። በዚያን ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአውሮፓን ጥበብ የሚያውቁ ሰዎች ወደ አገራቸው እንዲመጡላቸው ይፈልጉ ስለ ነበር፣ በኤደን ይነግድ በነበረ የስዊስ ድርጅት በኩል ጥያቄ አቀረቡ። ወጣቱ መሐንዲስም ጥሪውን ተቀብለው ከሁለት የአገራቸው ባለ እጆች ጋር ተነሡ፤ ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ በረሓውን በግመል አቋርጠው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ሃያ አራት ዓመት ነበር። በኋላ ላይ ሐዲድ ለመዘርጋት የተነሣሡበትን ምክንያት ለመረዳት የሚሻ ሰው ይህን ጉዞ ልብ ማለት አለበት። አንድ መሣሪያ፣ አንድ ሳጥን ሚስማር እንኳ ከባሕር እስከ ሸዋ ለመድረስ የሳምንታት የግመልና የበቅሎ ጉዞ ይጠይቅ ነበርና።

በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሙሴ ኢልግ የተባሉት እኚህ ሰው አማርኛን አጥርተው ተማሩ፤ የአገሩንም ጠባይ አወቁ። በመጀመሪያ የታዘዙት ሥራ ሁሉ ከተማሩት ጋር የሚገጥም አልነበረም፤ ቢሆንም የቀረበላቸውን ሁሉ ሳይንቁ ሠሩ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርተዋል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ከእንጦጦ ተራራ ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገብተዋል። ለሙያው ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ከፍ ያለ በመሆኑ ውኃው በቧንቧው ውስጥ ወደ ሸለቆው ወርዶ በራሱ ግፊት እንደ ገና ሽቅብ ይወጣል። ይህን ከዚያ በፊት አይቶ ለማያውቅ ሕዝብ ግን ውኃ ዳገት ሲወጣ መታየቱ ታላቅ ድንቅ ነበር። ለመሐንዲሱ ደግሞ ትርፉ ከውኃው ይበልጣል፤ የንጉሠ ነገሥቱን እምነት አስገኝቶላቸዋልና።

የባቡር ሐዲድ ሐሳብ በኢልግ አእምሮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቆየ ነበር። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እንዲህ ያለውን ታላቅ ጉዳይ በራሳቸው ሥልጣን ብቻ ለመፈጸም አይችሉም ነበር። በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ከጫኑ በኋላ ግን መንገዱ ተከፈተ። በ1886 ዓ.ም. ሙሴ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ ለማከናወን የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ፈቃድ ተቀበሉ፤ በሥራውም ፈረንሳዊው ነጋዴ ሙሴ ሸፍኔ ተባባሪያቸው ሆኑ። ዕቅዱ ሦስት ክፍል ነበረው፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነበር። ይህ ሦስተኛው ክፍል እስከ ዛሬ በወረቀት ላይ እንደ ቀረ ነው።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ኢልግ የአገሪቱን ገንዘብና የፖስታ ቴምብር በፓሪስ በማሠራቱ ጉዳይም ተካፋይ ነበሩ። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪነት ማዕርግ ሰጧቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ በጎረፉበት ወራት የወሰንና የወዳጅነት ውሎች ሲነጋገሩ ኢልግ በንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ይገኙ ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳይሸሸግ መነገር አለበት። አንድ ሰው የመንግሥት አማካሪም የሐዲዱ ፈቃድ ባለቤትም መሆኑ ሁለት ሚዛን በአንድ እጅ መያዝ ነው። ችግሩም ለመታየት ብዙ አልቆየም።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጅቡቲ ተነሣ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ሆኖ ተወሰነ፤ ይህም ወጪን ለመቀነስና በጠባብ ጥምዝ ተራራውን ለመውጣት የታሰበ ነበር። ምስጥ እንጨትን ስለሚበላ የሐዲዱ ተሸካሚዎች ከብረት ተሠሩ። ገና ከጠረፉ ሳይርቁ የሆልሆልን ሸለቆ የሚያሻግር ትልቅ የብረት ድልድይ መትከል ግድ ሆነ። ውኃ የሌለበት በረሓ፣ ንዳድና በመሬታቸው ላይ ሳይጠየቁ በተዘረጋው ሐዲድ የተቆጡ የኢሳ ተወላጆች ተቃውሞ ሥራውን ብዙ ጊዜ አጓተቱት። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘም ሐዲዱ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ከተማ ሆና ተቆረቆረች። እንግዲህ አንዲት ታላቅ ከተማ የተወለደችው መሐንዲሶች ዳገት በመሸሻቸው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ኩባንያው ገንዘቡን ጨርሶ ነበር። የጎደለውን ለመሙላት የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች አክሲዮን ገዝተው ስለ ገቡ የፈረንሳይ መንግሥት ሠጋ፤ በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለሃምሳ ዓመት ሊረዳ ቃል ገባ፤ በምትኩም በሐዲዱ ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ዐፄ ምኒልክ ይህ ውል ያለ ፈቃዳቸው መደረጉን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቆጡ። ለንግድ የሰጡት ፈቃድ በመሬታቸው ላይ የባዕድ መንግሥት እጅ ማስገቢያ ሆኖ አገኙትና። በድሬዳዋው ምርቃት ላይ አልተገኙም፤ ሐዲዱም ወደ ፊት እንዲቀጥል አልፈቀዱም። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ውል ውስጥ የባቡሩ ጉዳይ መግባቱ የንጉሠ ነገሥቱ ጥርጣሬ ከንቱ እንዳልነበረ አረጋገጠ። ኩባንያውም ከሰረ።

ይህ ሁሉ በሙሴ ኢልግ ላይ ከባድ ሸክም ሆነ። ሐሳቡ የእርሳቸው ነበር፤ ፈቃዱም በስማቸው የተሰጠ ነበር። በቤተ መንግሥቱ የነበራቸው ቦታ ቀስ በቀስ እየሳሳ፣ የንጉሠ ነገሥቱም ጤና እየደከመ ሲሄድ ወደ ስዊትዘርላንድ ተመለሱ፤ በ1900 ዓ.ም. አካባቢም ከሥራቸው ተሰናበቱ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ከጓዴሎፕ ለመጡት የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን እንደ ገና ተሰጠ፤ ከዚያም አዲስ የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ቀጠለ። ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሙሴ ኢልግም በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ሞቱ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን የሰጡትም የተቀበሉትም የሥራውን ፍጻሜ ሳያዩ አለፉ።

ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መስመር ለብዙ ዐሠርት ዓመታት የአገሪቱ ዋና የባሕር በር መንገድ ሆኖ ኖረ። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ በቀን ብቻ ይጓዝ ስለ ነበር መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በድሬዳዋም ትልቅ የጥገና ወርክሾፕና በቀጥታ ጎዳናዎች የተከፈለው የከዚራ ሰፈር ተሠሩ፤ የባቡር ሠራተኞቹም ፈረንሳይኛን የሥራ ቋንቋ አድርገው ከአባት ወደ ልጅ ሙያውን አስተላለፉ። መከራም አልጎደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው አገልግሎቱ ተቋረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች ባቡር ጥምዝ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከአራት መቶ በላይ ሰዎች አለቁ።

ጥገናው እየጎደለ፣ የከባድ መኪናው ውድድርም እየበረታ በመሄዱ አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ መነሣቱን አቆመ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በ1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት የተሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ተመረቀ። አዲሱ ሐዲድ የራሱን መንገድ ይዞ ስለ ተዘረጋ አሮጌው በብዙ ስፍራ ተነቀለ፤ በከተማም አስፋልት ለበሰ። ሆኖም የቀረ ነገር አለ። የለገሃር ሕንፃ ቆሟል፤ የአዋሽ ጣቢያ ከነመስተንግዶ ቤቱ አለ፤ የድሬዳዋ ወርክሾፕም ከነማሽኖቹ፣ ከነአሮጌ ፉርጎዎቹ ይገኛል። ኢልግ የሰበሰቧቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎችም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተጠብቀዋል።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነው የሐዲዱ መነቀል አይደለም፤ ያረጀ ሥራ በአዲስ መተካቱ የሙያችን ሕግ ነው። የሚያሳዝነው ሳይለካና ሳይመዘገብ መነቀሉ ነው። አንድ ድልድይ ከመፍረሱ በፊት ፕላኑ ቢነሣ፣ አንድ ጣቢያ ከመለወጡ በፊት ቁመቱና ወርዱ ቢጻፍ፣ የድሬዳዋ አንጋፋ ባለ ሙያዎች ገና በሕይወት ሳሉ እውቀታቸው ቢመዘገብ ወጪው ብዙ አይደለም፤ ይህንንም ለመሥራት ከማኅበራችን አባሎች የተሻለ የሚገኝ አይመስለንም። ሌላው ትምህርት ከኢልግ ሕይወት የሚገኘው ነው። እርሳቸው በረሓውን፣ ዳገቱንና ሸለቆውን አስቀድመው አስልተው ነበር፤ ያላሰሉት የገንዘቡን ምንጭ ነበር። የሐዲዱን ሥራ ለዓመታት ያስቆመውም ተራራው ሳይሆን የብድሩ ውል ነው። ዛሬም ታላቅ ሥራ የሚነድፍ መሐንዲስ ከመሬቱ ንድፍ ጎን የውሉን ቃል እንዲያነብ የእኚህ ሰው ታሪክ ያሳስባል።