ወይና ደጋ ላይ የወደቁት ኢማም

በሀገራችን የቆመ ትልቅ ድንጋይ ከታየ ግራኝ የተከለው ነው ይባላል። ፍርስራሽም ከተገኘ ግራኝ ያፈረሰው ነው። በትምህርት ቤት ግቢ ሁለት ልጆች ሲጣሉ ሙስሊሙ ልጅ የሚሰደብበት ስም ይኸው ነው። ስሙ ግን የሰው ስም ሳይሆን ቅጽል ነው። ከቅጽሉ በስተጀርባ አባት የነበራቸው፣ ትዳር የመሠረቱ፣ ልጆች የወለዱና አርባ ዓመት ሳይሞላቸው በጣና ዙሪያ ባለው ምድር የወደቁ አንድ ሰው አሉ። እኚህ ሰው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አል-ጋዚ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

ኢማሙ የተወለዱት በ1506 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ገደማ ከሐረር ብዙም በማይርቀው በሁበት ምድር ነው። ያደጉበት ዘመን የአዳል ሱልጣኔት በውስጥ ሽኩቻ የታመሰበትና ከደጋው መንግሥት ጋር የሚደረገው ዘመቻና የመልስ ዘመቻ ያልተቋረጠበት ነበር። በ1517 ስመ ጥሩው የጦር መሪ ማሕፉዝ ከአፄ ልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጉ ተገደሉ። ወጣቱ አሕመድ በፍትሕ ወዳድነታቸው በሚመሰገኑት በገራድ አቡን ሥር በወታደርነት አገለገሉ። ገራድ አቡን በሱልጣን አቡበክር ሲገደሉ አሕመድ አኩርፈው ወጡ፤ ቆይተውም ሱልጣኑን ድል ነሡ። ሆኖም ዙፋኑን ለራሳቸው አልወሰዱም። ዑመር ዲንን ሱልጣን አድርገው እርሳቸው ኢማም በሚለው ማዕረግ ረኩ። የማሕፉዝን ልጅ ባቲ ድል ወንበራንም አገቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው በሰፊው የታወቀ ነው። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ በቁጥር የሚበልጣቸውን የአፄ ልብነ ድንግል ጦር አሸነፉ። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ከድሉ በኋላ አብዛኛው ሠራዊት ምርኮውን ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ ፈለገ፤ ኢማሙም ጦሩን እንደገና አደራጅተው በሰፊው የዘመቱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጦሩን ያሰባሰበው ከሥርዓቱ ይልቅ የእርሳቸው ሰብዕና ነበርና። ይህ ነገር ኋላ ዋጋ አስከፈለ።

ባቲ ድል ወንበራ ከባለቤታቸው ጋር ተራራውን ወጥተው፣ ቁልቁለቱን ወርደው፣ በዘመቻ ላይ ሳሉ ወንዶች ልጆች ወልደዋል። ከልጆቹ አንዱ ሙሐመድ ይባል ነበር።

እውነቱን ስንጽፍ ሙሉውን መጻፍ አለብን። በእነዚያ ዓመታት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ንብረት ተዘርፏል፣ ሰዎች በሰይፍ ፍርሃት ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል። ይህንን የሚነግረን ተቃራኒው ወገን ብቻ አይደለም፤ የኢማሙ የራሳቸው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህም በፉቱሕ አል-ሐበሻ ውስጥ መዝግቦታል። የክርስቲያን ወገኖቻችን ትዝታ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የአዳል ሰዎችም ከዚያ በፊት መንደራቸው ሲቃጠልና ልጆቻቸው ሲማረኩ የኖሩ መሆናቸው እንደዚሁ እውነት ነው።

አፄ ልብነ ድንግል በ1540 ሲሞቱ ልጃቸው ገላውዴዎስ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ነገሡ። በ1541 ደግሞ በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ምፅዋ ላይ ወረዱ። በሚያዝያ 1542 በተደረገ ውጊያ ኢማሙ ቆሰሉ። ያን ጊዜ ከዘቢድ የቱርክ ጠመንጃ ያዦች ርዳታ አስመጡና በነሐሴ ወር ወፍላ ላይ አሸነፉ፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። እርሱም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ወጣት ነበር።

ከዚህ ድል በኋላ ኢማሙ ነገሩ ያበቃ መሰላቸው። ጥቂቶቹን አስቀርተው አብዛኞቹን ቱርኮች ወደ መጡበት አሰናበቱ፤ ራሳቸውም ወደ ጣና አካባቢ ሄደው ሰፈሩ። የተረፉት ፖርቱጋሎች ግን ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተገናኝተው ነበር። በየካቲት 1543፣ በሂጅራ አቆጣጠር በ949፣ ወይና ደጋ ላይ ሁለቱ ጦሮች ተጋጠሙ። ኢማሙ በፊታውራሪነት ሲዋጉ ከፖርቱጋሎች ወገን በተተኮሰ ጥይት ተመትተው ወደቁ። ዕድሜያቸው 37 ገደማ ነበር። እርሳቸው ሲወድቁ ዐሥራ አራት ዓመት ያሸነፈው ሠራዊት በአንድ ቀን ተበተነ። የፉቱሕ ትረካ እዚህ ዕለት አይደርስም፤ ስለ አሟሟታቸው የምናውቀውም በአብዛኛው ጠላቶቻቸው ከጻፉት ነው።

ባቲ ድል ወንበራ ጥቂት ሰዎች ይዘው ረጅሙን መንገድ ወደ ሐረር አመለጡ። ልጃቸው ሙሐመድ ግን ተማረከ። በሌላው ወገን ደግሞ የልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ሚናስ የሚባለው ልጃቸው ቀደም ሲል ተማርኮ ባሕር ማዶ ዘቢድ ይገኝ ነበር። ሁለቱም እናቶች በጦርነቱ ባል አልባ ሆነው ቀርተዋል። ሁለቱም የሌላኛዋን ልጅ ለበቀል መጠየቅ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ተላልከው ተስማሙ፤ ሙሐመድ ወደ እናቱ፣ ሚናስም ወደ እናቱ ተመለሱ። ሚናስ ኋላ ነግሠዋል።

ወንዶቹ ግን ጦርነቱን አላቆሙም። ባቲ ድል ወንበራ ያገቧቸው፣ የሐረርን ጀጎል ያሠሩት አሚር ኑር በ1559 ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋጉ፤ አፄውም በውጊያው ሞቱ። የእርሳቸውም ዕድሜ ከአርባ በታች ነበር፤ የወይና ደጋው ድል አድራጊና የወይና ደጋው ሟች በአንድ ዕድሜ ገደማ ተቀጠፉ።

ውድ አንባብያን፣ አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ኢማም አሕመድ ከሞቱ ከ93 ዓመት በኋላ በ1636 ነው። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ጉባኤ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ የተወሰነባቸው የጎንደር ሙስሊሞች ነጋዴዎች፣ ሸማኔዎችና የቁርኣን መምህራን ነበሩ። ዛሬ በአዲስ ዓለም የሚያድግ ልጅ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ስላለቀ ጦርነት መልስ እንዲሰጥ አይገባም። ልጁም ያንን ጦርነት እንደ ውርስ ዕዳም ሆነ እንደ ውርስ ፉከራ መሸከም የለበትም።

ኢማሙን ስናስታውስ በስማቸው እንጥራቸው። ድፍረታቸውንም ስሕተታቸውንም አንደብቅ። ልጆቻችንን ስናስተምር ደግሞ የሽምብራ ኩሬን ድል ነግረን የሁለቱን እናቶች ነገር አንርሳ። ከዚያ ዘመን ሁሉ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ቤት ያስደሰተ ሥራ እርሱ ነውና።

አላህ ላለፉት ይዘንላቸው፤ ለእኛም ልቦናና ሰላም ይስጠን። አሚን።