ጋኪ ሸሮቾ፤ የከፋ የመጨረሻው ንጉሥ

ወጣት አንባቢዎቻችን ከትምህርትና ከሥራ ዕረፍት ባገኙ ጊዜ፣ ጥቂት ብልኅ ሌቦች ተማምለው የንጉሥ ግምጃ ቤት ሲዘርፉ የሚተርክ ምናባዊ ልብ ወለድ በጉጉት ያነባሉ። ደስ የሚያሰኛቸው ሌብነቱ ሳይሆን የሰዎቹ መተማመን ይመስለናል፤ አንዱ ቢያዝ የሌላውን ስም አያወጣም። ይህን የመሰለ መተማመን ከአገራችን ታሪክ ብንፈልግ ከከፋ ደን ውስጥ አገኘነው። ልዩነቱ፣ ከፋዎች የሸሸጉት የተሰረቀ ወርቅ ሳይሆን ንጉሣቸውን መሆኑ ነው።

ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በዙፋን የተቀመጡት በ1882 ዓ.ም. ነው። ታቶ ማለት በከፋዎች ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው። ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሯቸው፤ አገራቸውም በጥልቅ ጉድጓድና በእንጨት አጥር የተከበበ ነበር። መንግሥታቸው ግን ያለ ነውር አልነበረም፤ የባሪያ ንግድ ይካሄድበት ነበር።

በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ከፋ ገባ፤ የጅማው አባ ጅፋርም አብረው ዘመቱ። ታሪኩን የጻፉ ሰዎች የራስ ወልደ ጊዮርጊስን ጦር 31,000፣ ጠመንጃውን 20,000 ያህል ያደርጉታል፤ የከፋ ጠመንጃ ግን 300 ያህል አሮጌ ብቻ ነበር ይላሉ። በዚህ ሚዛን ጦርነቱ በጥቂት ሳምንት ማለቅ ነበረበት። ሆኖም ንጉሡ ከጫካ ጫካ እየተዘዋወሩ ዘጠኝ ወር ያህል ሳይያዙ ቆዩ። ቤቱ እየተቃጠለ፣ ልጁ እየተማረከ መንገዱን ያልጠቆመ ገበሬ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጊዜ ባልተገኘም ነበር።

በመስከረም 1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ። በብር ሰንሰለት ታስረው ሲወሰዱ፣ ጎጀብን ሲሻገሩ የንግሥና ቀለበታቸውን ወደ ወንዙ እንደ ወረወሩ ይተረካል፤ ከእርሳቸው በኋላ የከፋ ንጉሥ እንደማይኖር ለማመልከት ነው ይባላል። ከዚያ ወዲያ አገራቸውን ሳያዩ ከሃያ ዓመት በላይ በግዞት ኖሩ፤ በ1911 ዓ.ም. ገደማም ዐረፉ።

ዘውዳቸው የሄደበት መንገድ ደግሞ ከልብ ወለድ አያንስም። ከምኒልክ አማካሪ ከስዊሱ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ እጅ ገብቶ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ነው። ቀለበቱ ግን፣ ትረካው እውነት ከሆነ፣ ዛሬም በጎጀብ ውኃ ውስጥ ነው።

ዘውድ ይማረካል፣ ይመለሳልም። የሕዝብ ዝምታ ግን በትእዛዝም በገንዘብም አይገኝም። ስለዚህ ወደ ገጠር ለሥራ የሚላከው ወጣት ባልንጀራችን ማኅተሙንና ወንበሩን ከመቊጠሩ በፊት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ በሩን ከፍቶ የሚያስገባው ገበሬ ስንት እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን።