አበበ ቢቂላ፦ ከሸኖው አደጋ በኋላ

ስለ አበበ ቢቂላ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ሮምን እናውቃለን፣ ባዶ እግሩን እናውቃለን። እኔ ግን ሐኪም ስለሆንኩ፣ በዚያ ላይ የሸዋ ሮቢት ልጅ ስለሆንኩ፣ ስለ አበበ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ሸኖ ነው። ከይፋት ቆላ ተነስቶ ደብረ ሲናን ወጥቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ሁሉ ሸኖን ሳያይ አያልፍም።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እንደ አገሩ ልጆች ገና ተጫውቶ አደገ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። እዚያም ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ከተፎካካሪው ተለይቶ የወጣው ያን ጊዜ እዚያው ሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ነበር። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ በ2:12:11 ደገመው። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ከሱ በፊት አልነበረም። በ1961 ሜክሲኮ ላይ እግሩን ስላመመው 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953፣ እዚያው ሮም ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል የአካል ጉዳተኞች በዊልቸር ሆነው ተወዳደሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ያ ነው። ከጀርባው የነበረው ሰው የእንግሊዙ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ሌሊት አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። ከመኪናዋ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ላይ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አቅቶት ነበር። በሳምንቱ ገደማ ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ የተላከውም እዚያው ጉትማን ጋ፣ ስቶክ ማንዴቪል ነው። ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ተመለሱ፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ጉትማን ማዕከሉን በ1936 ሲከፍት፣ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰበት ሰው በመኝታ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን እንደሚሞት ነበር የሚታሰበው። እሱ ያደረገው ተአምር አልነበረም። በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ፊኛውን በንጽሕና መያዝ፣ ከዚያ ደግሞ ስፖርት። በ1940 በሆስፒታሉ ግቢ የጀመረው የመጀመሪያ ውድድር ቀስት ውርወራ ነበር። ቀስት ክንድንና ደረትን ያጠነክራል፣ ወንበር ላይ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል። ሕክምና ነው ማለት ነው።

አበበም ቀስት ያዘ። ሐምሌ 1962 በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ኖርዌይ ሄዶ፣ በረዶ አይቶ በማያውቅ አገር ያደገ ሰው፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አንደኛ ወጣ። ሮም ላይ ካሸነፈ ልክ በ12 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ማራቶኑ ሲሮጥ በዊልቸር የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ፤ አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተርም ሜዳሊያውን ተቀብሎ መጥቶ ጨበጠው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 በአንጎል ደም መፍሰስ ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር። በወታደራዊ ክብር ተቀበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቀብሩ ላይ ተገኝተዋል።

እንግዲህ ከአደጋው በኋላ አበበ የኖረው አራት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዘመን የሐዘን መጨረሻ አድርገን እንተርከዋለን። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። በነዚያ ዓመታት ሦስት አገር ሄዷል፣ ተወዳድሯል፣ አሸንፏልም። ይህ የሆነው ጀግና ስለነበረ ብቻ አይደለም። ስለተገላበጠ፣ ቁስሉ ስለተጠበቀ፣ ዊልቸር ስላገኘና ምን መሥራት እንደሚችል የሚነግረው ሐኪም ስለነበረው ነው።

ውድ የባቼ ልጆች፣ ያ መንገድ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። የጤፍና የሽንኩርት ጭነት፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ ሁሉ ያልፍበታል፤ ተገልብጦ የሚመጣልንም የአበበ ዕድሜ የነበረ ሹፌር ወይ ረዳት ነው። ብዙው በሰው ክንድ ተጎትቶ፣ አንገቱ ተንጠልጥሎ ይደርሳል። እኛ ደግሞ ፎቶውን አይተን ለቤተሰቡ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም ብለን እንሸኘዋለን። ሦስት ወር ሳይቆይ በቁስል ይመለሳል።

የሚደረግ ነገር እኮ አለ። አንገቱን ደግፎ ማንሳትን ለትራፊክ ፖሊሱና ለሹፌሩ ማስተማር ገንዘብ አይጠይቅም። እናቱን በየሁለት ሰዓቱ እንድታገላብጠው፣ ቆዳውን ማታ ማታ እንድታይለት ማሳየት ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ዊልቸር ውድ ነው፤ ይህን ያህል ሆነን በየዓመቱ ስንሰባሰብ ግን ለጥቂት ሰው መግዛት አያቅተንም። በዘንድሮው ስብሰባ ይህን አጀንዳ አድርገን እንድንነጋገርበት ከወዲሁ አሳስባለሁ።