ዶክተር አሎይስ አልዛይመርና መንገድ የጠፋባቸው አረጋውያን

በሕክምና ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከአንድ ደዌ ጋር ተቆራኝቶ የቀረ ሊቃውንት አያሌ ናቸው። ይሁን እንጂ የዶክተር አሎይስ አልዛይመርን ስም ያህል ከሐኪም ቤት ወጥቶ በየቤተሰቡ የሚነገር ማግኘት ያስቸግራል። ስሙ በዓለም ዙሪያ የታወቀውን ያህል ግን የሰውየው ሕይወትና ሥራ አይታወቅም። ይልቁንም አንድ አረጋዊ ከቤቱ ወጥቶ መመለሻው ሲጠፋበት ጎረቤት፣ ፖሊስና ራዲዮ ተባብረው እንዲፈልጉት የሚያደርገው የዛሬው ሥርዓት፣ ከእኒህ ሐኪም የምርምር ጠረጴዛ ጋር ምን ያህል እንደሚዛመድ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሎይስ አልዛይመር ሰኔ 14 ቀን 1864 በጀርመን አገር በባቫሪያ ግዛት፣ በማይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ማርክትብራይት በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የውልና ማስረጃ ሹም ነበሩ። ቤተሰቡ ልጆቹን በተሻለ ትምህርት ቤት ለማስተማር ሲል ወደ አሻፈንቡርግ ከተማ ስለተዛወረ፣ አልዛይመር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1883 የፈጸሙት በዚያ ነው። ከዚያም በበርሊን፣ በቲዩቢንገንና በቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ተማሩ። በ1887 ለመመረቂያ ያቀረቡት ጽሑፍ የጆሮን ኩክ ስለሚያመነጩ ዕጢዎች የሚያትት ሲሆን፣ ርእሱ እጅግም ባይማርክ ከማይክሮስኮፕ ጋር የነበራቸው የዕድሜ ልክ ወዳጅነት የተጀመረው በዚሁ ሥራ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1888 አልዛይመር በፍራንክፈርት ከተማ የአእምሮና የሚጥል በሽታ ሕሙማን ሆስፒታል በረዳት ሐኪምነት ተቀጠሩ። የሆስፒታሉ ዲሬክተር ኤሚል ዚዮሊ ነበሩ። ሕንጻው ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራና የጥንት ግንብ የሚመስል ስለነበረ ሕዝቡ የእብዶች ግንብ ይለው ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለው ሥፍራ የሚገባን ሕመምተኛ ማሰር፣ እጅጌው የተቋጠረ ልብስ ማልበስና በጠባብ ክፍል መዝጋት በብዙ አገር የተለመደ ነበር። ዚዮሊና አልዛይመር ግን ይህን ልማድ እየቀነሱ በምትኩ የአልጋ ዕረፍትን፣ በሞቀ ውሃ ለረጅም ጊዜ መታጠብን፣ ወደ አትክልት ሥፍራ መውጣትንና ከሕመምተኛው ጋር በትዕግሥት መነጋገርን አስፋፉ። በ1889 ፍራንትስ ኒስል የሚባሉት የነርቭ ሕዋስ ማቅለሚያ ሊቅ ስለተጨመሩ፣ ሁለቱ ወጣቶች ቀን ሕሙማንን ሲያክሙ እየዋሉ ማታ ማታ የአንጎል ስስ ቁራጮችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ማምሸትን ልማድ አደረጉ። አልዛይመር ለሕያው ሕመምተኛ ቋንቋና ለሟች አንጎል መልክ እኩል ትኩረት መስጠትን የተማሩት በእነዚያ ዓመታት ነው።

አልዛይመር ሴሲልዬ ጋይዘንሃይመር የተባሉትን ባለጸጋ ባል የሞተባቸው ሴት አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ሆኖም ባለቤታቸው በ1901 መጀመሪያ አረፉ። ከሐዘኑ በኋላ እኅታቸው ወደ ቤታቸው መጥተው ልጆቹን ሲያሳድጉ፣ አልዛይመር ቀናቸውን ሁሉ ለሥራ ሰጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር 25 ቀን አንዲት የ51 ዓመት ሴት ወደ ሆስፒታሉ ገቡ። በሕክምና ታሪክ አውጉስተ በሚለው የመጀመሪያ ስማቸው የታወቁት እኒህ ወይዘሮ፣ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ ሰው ባለቤት ነበሩ። ጥንቁቅ የቤት እመቤት የነበሩት ሴት ባላቸውን ያለ ምክንያት በመጠርጠር ጀምረው፣ የገዛ ቤታቸው ክፍሎች ይጠፏቸው ጀመር። ዕቃ ከዚህ ወደዚያ እያጓዙ ይደብቃሉ፤ ያስቀመጡበትንም አያስታውሱም።

አልዛይመር በማግሥቱ ከወይዘሮ አውጉስተ አጠገብ ተቀምጠው እየጠየቁ መልሳቸውን ቃል በቃል መዘገቡ። ስማቸውን ሲጠየቁ አውጉስተ አሉ፤ የባላቸውን ስም ሲጠየቁም ያንኑ መለሱ። ለምሳ የአሳማ ሥጋና የአበባ ጎመን እየበሉ ምን እንደሚበሉ ሲጠየቁ ስፒናች መሆኑን ተናገሩ። ስማቸውን እንዲጽፉ ወረቀት ሲሰጣቸው መጨረስ ባለመቻላቸው ራሳቸው ከራሳቸው እንደጠፉ አመለከቱ። ከሌላው መዝገብ ሁሉ ይልቅ የሕመሙን ባሕርይ የገለጸው ይህ የሕመምተኛዋ አነጋገር ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዋ የታወቀች ሕመምተኛ ታሪክ በመርሳት ብቻ ሳይሆን መንገድን በማጣትም መጀመሩን ልብ ማለት ይገባል።

በ1903 አልዛይመር ታላቁን የአእምሮ ሕክምና ሊቅ ኤሚል ክሬፔሊንን ተከትለው በመጀመሪያ ወደ ሃይደልበርግ፣ ቀጥሎም ወደ ሙኒክ ሄዱ። ከባለቤታቸው የተረፈው ሀብት ስለነበራቸው በሙኒክ ክሊኒክ ለተወሰነ ጊዜ ያለ ደመወዝ እስከ መሥራት ደረሱ። የፍራንክፈርቷን ሕመምተኛ ግን አልረሱም። ወይዘሮ አውጉስተ ሚያዝያ 8 ቀን 1906 ሲያርፉ የሕክምና መዝገባቸውና አንጎላቸው ወደ ሙኒክ ተላከላቸው። አልዛይመር ከጥቂት ዓመታት በፊት በተፈለሰፈው የብር ማቅለሚያ ስልት አንጎሉን ሲመረምሩ ሁለት ነገሮች አገኙ። አንደኛው በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ እንደተተበተበ ክር ተቋጥሮ የሚታይ ነገር ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንጎል ቅርፊት ላይ እዚህም እዚያም የተበተነ ጥቃቅን ዝቃጭ ነው። በኅዳር ወር 1906 በቲዩቢንገን ከተማ በተደረገው የደቡብ ምዕራብ ጀርመን የአእምሮ ሐኪሞች ጉባኤ ግኝታቸውን አስረዱ። ከተሰብሳቢዎቹ አንድ ስንኳ ጥያቄ ያቀረበ አልነበረም። ጽሑፉ በ1907 በአጭሩ ታተመ።

የጉባኤው ዝምታ አልዛይመርን ከሥራቸው አላቆማቸውም። የሙኒክ ቤተ ሙከራቸው ከየአገሩ የመጡ ወጣት ሐኪሞች መሰብሰቢያ ሆነ። ከተማሪ ወደ ተማሪ እየዞሩ በማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ሲያስረዱ የያዙትን ሲጋራ ስለሚረሱት፣ በቀኑ መጨረሻ በየጠረጴዛው ላይ አንድ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይገኝ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ በላይቤሪያ የተወለዱት ሰሎሞን ካርተር ፉለር ነበሩ። ጥቁሩ ሐኪም ወደ አሜሪካ ከተመለሱ በኋላ በ1912 ስለዚሁ በሽታ ሰፊ የግምገማ ጽሑፍ አሳትመዋል። የበሽታውን ዕውቀት ለእንግሊዝኛ አንባቢ ካደረሱት ቀደምት ሰዎች አንዱ የአፍሪካ ተወላጅ መሆናቸው ሊዘነጋ የማይገባው ነው።

ክሬፔሊን በ1910 ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍ በሽታውን በአልዛይመር ስም ሰየሙት። በ1912 አልዛይመር በብሬስላው፣ ዛሬ የፖላንድ ከተማ በሆነችው ቭሮትስዋፍ፣ የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ነገር ግን ወደ አዲሱ ሥራቸው ሲጓዙ በባቡር ላይ ታመሙ፤ ሕመሙም ልባቸውንና ኩላሊታቸውን ስለጎዳ ፈጽሞ አልዳኑም። አንደኛው የዓለም ጦርነት በመካሄድ ላይ ሳለ ታኅሣሥ 19 ቀን 1915 አርፈው በፍራንክፈርት ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀበሩ። ዕድሜያቸው 51 ዓመት ነበር፤ ወይዘሮ አውጉስተ ሆስፒታል በገቡ ጊዜ የነበራቸው ዕድሜ መሆኑ ነው።

ከአልዛይመር ሞት በኋላ ስማቸው ለስድሳ ዓመታት ያህል በጠባብ ክልል ተወስኖ ቆየ። በሽታው ከ65 ዓመት በታች ያሉትን ብቻ የሚይዝ ብርቅ ደዌ ተብሎ ስለተመደበ፣ አረጋውያን ሲረሱና ሲባዝኑ የእርጅና ወግ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። በ1976 አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሮበርት ካትስማን በወጣትነትና በእርጅና የሚታየው ሕመም አንድ መሆኑን ተከራክረው ጻፉ። የዚህ ክርክር ውጤት ቀላል አልነበረም። ጃጀ ተብሎ የተተወው አረጋዊ ሕመምተኛ ሆነ ማለት ነው፤ ሕመምተኛ ከሆነም እንክብካቤ ይገባዋል፤ በጠፋ ጊዜም ሊፈለግ ይገባዋል። በ1995 የወይዘሮ አውጉስተ መዝገብ በፍራንክፈርት ክሊኒክ መዛግብት መካከል ተገኝቶ አልዛይመር በእጃቸው የጻፉት ሁሉ ለንባብ በቃ።

እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነርሱም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። አልዛይመር ያዩት የተቋጠረ ክር አስቀድሞ ከሚያጠቃቸው የአንጎል ክፍሎች መካከል ትዝታን የሚመዘግቡትና ሥፍራን የሚለዩት ይገኙበታል። ሕመምተኛው በሚያውቀው ሠፈር መካከል ድንገት እንግዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙውን ጊዜም ወደ ቀድሞ ቤቱ ወይም ወደ ጥንት የሥራ ቦታው የሚሄድ መስሎት ይወጣል። የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር እንደሚገልጸው የመርሳት በሽታ ካለባቸው 10 ሰዎች 6ቱ ያህል አንድ ጊዜ እንኳ መንገድ ስተው ይባዝናሉ። ብርድ፣ ጥማት፣ ገደልና ተሽከርካሪ ስላሉ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሞትና የሕይወት ሰዓቶች ናቸው።

ለዚህ አደጋ መፍትሔ ካበጁት አገሮች ጃፓን ቀዳሚ ናት። በሆካይዶ ደሴት የምትገኘው የኩሺሮ ከተማ በ1994 ፖሊስን፣ የታክሲ ነጂዎችንና የራዲዮ ጣቢያን ያስተባበረ የፍለጋ መረብ ዘረጋች፤ ሌሎች ከተሞችም አርአያዋን ተከተሉ። ያም ሆኖ የሕመምተኛው ቁጥር እየጨመረ በመሄዱ የመርሳት በሽታ ኖሮባቸው ጠፉ ተብለው ለጃፓን ፖሊስ የተመለከቱት ሰዎች በ2012 ከነበሩት 9,607 በ2023 ወደ 19,039 ከፍ ብለዋል። በአሜሪካ በ1996 ለተጠለፉ ሕጻናት የተጀመረው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ለአረጋውያንም አርአያ ሆኖ፣ የብር ማስጠንቀቂያ የሚባለው ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በየክፍለ ግዛቱ ተስፋፋ፤ ፍሎሪዳ በ2008 ሥራ ላይ አዋለችው። ፖሊስ የጠፋው ሰው ሕመም እንዳለበት ካረጋገጠ በኋላ መልኩንና ልብሱን በመገናኛ ብዙኃን ያስነግራል፤ በመኪና የሄደ እንደሆነም የመኪናው ዓይነትና የሰሌዳ ቁጥር በአውራ ጎዳና ላይ ባሉ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች ይወጣል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቤተሰብ ሰው ከመጥፋቱ በፊት አንድ ቅጽ ይሞላል፤ ፎቶግራፉን፣ የኖረባቸውን ቤቶች፣ የሠራባቸውን ቦታዎችና የሚያዘወትራቸውን ሥፍራዎች አስፍሮ ያስቀምጣል። ቅጹ የተሰየመው በኖርማንዲ የዘመቱና በእርጅናቸው የመርሳት በሽታ በያዛቸው በጆርጅ ኸርበርት ስም ነው።

እነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስከትላሉ። ማስጠንቀቂያው ለሕዝብ ሲሰራጭ የአንድ ሰው ሕመም በአደባባይ ይገለጣል፤ ይህም ክብሩን ሊነካ ይችላል። ማስጠንቀቂያ የበዛ እንደሆነ ደግሞ ሕዝቡ ይለምደውና ጆሮውን ይነፍገዋል። ስለዚህ ማን መጠራት እንዳለበት፣ ምን ያህል መረጃ መገለጥ እንደሚገባው፣ ሰውየው ሲገኝም ማስታወቂያው ወዲያው እንዲነሣ በግልጽ መደንገግ ያስፈልጋል። ከማስጠንቀቂያው በቀር ያለው ምርጫ ግን በር መቆለፍ ነው። በር የተቆለፈበት አረጋዊ ላይጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን በገዛ ቤቱ እስረኛ ይሆናል። ዚዮሊና አልዛይመር በፍራንክፈርት ግንብ ውስጥ ማሰሪያውን ሲያስወግዱ በትዕግሥትና በቅርብ ክትትል እንደተኩት ሁሉ፣ ዘመናዊው የፍለጋ መረብም በሩን በጎረቤት ዓይን ለመተካት የሚደረግ ሙከራ ነው።

በኢትዮጵያ የአፋልጉን ማስታወቂያ ለሕዝብ እንግዳ አይደለም። በጋዜጣ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን፣ በየኤሌክትሪክ ምሰሶውና በየአጥሩ ላይ የጠፋ ሰው ፎቶግራፍ፣ የለበሰው ልብስና ወሮታ ለመክፈል የተገባ ቃል ሲወጣ ይታያል። ዕድር፣ ቀበሌና የእምነት ቦታ ያላቸው የመገናኘት ኃይልም ሌሎች አገሮች በብዙ ወጪ ሊያቋቁሙት የሚጥሩት መረብ ነው። ይሁን እንጂ ማስታወቂያው የሚወጣው ቤተሰብ በራሱ ደክሞ ከፈለገ በኋላ፣ ውድ የሆኑት ሰዓቶች ካለፉ ወዲያ ሊሆን ይችላል። አረጋዊው ጃጀ ተብሎ እንጂ ታመመ ተብሎ ስለማይቆጠርም ቤተሰቡ ጉዳዩን ለሐኪም ከመንገር ያፍራል።

የሕክምና ባለሙያ ድርሻ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለመርሳት በሽታ ሙሉ ፈውስ አልተገኘለትም፤ በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ አገሮች የተፈቀዱት መድኃኒቶችም የሕመሙን ሂደት በመጠኑ የሚያዘገዩ ናቸው። ነገር ግን ሕመሙን በስሙ መጥራት፣ ሕመምተኛው መንገድ ሊስት እንደሚችል ለቤተሰብ አስቀድሞ ማስረዳት፣ የቅርብ ፎቶግራፍና የቀድሞ አድራሻ ተመዝግቦ እንዲቀመጥ መምከር፣ ሰው ሲጠፋም ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ እንዲነገር ማሳሰብ ከማንም ክሊኒክ አቅም በላይ አይሆንም። አሎይስ አልዛይመር ከታላቁ ግኝታቸው አምስት ዓመት ቀደም ብለው ያደረጉት ነገር፣ ከአንዲት መንገድ ከጠፋባት ሴት አጠገብ ተቀምጦ መጠየቅና መልሷን ማድመጥ ነበር። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ይህን ማድረግ ይቻላል።